መሮ ያየውን በእርሳስ ማየት

ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1270 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የዛጉዌን ነገሥታት ጥለው ዙፋኑን ሲይዙ፣ የቀደሙትን የሚያስታውስ ነገር ሁሉ ገሸሽ ያደርጋሉ ብሎ የሚጠብቅ አይጠፋም። በላስታ ተራሮች መካከል ያለችው ገነተ ማርያም ግን ሌላ ታሪክ አላት። በእሳቸው ዘመን ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍላ የወጣች ቤተ ክርስቲያን ናት። ዙሪያዋን ባለ አራት ማዕዘን ዐምዶች ከበዋታል፤ ጣሪያዋ እንደ ቤት ክዳን ወደ ሁለት ጎን ያዘነብላል። ውስጧ በሥዕል የተሞላ ሲሆን ከሥዕሎቹ አንዱ የንጉሡ የራሳቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗን እሳቸው እንዳሳነጿት የሚገልጽ ጽሑፍም አለው። ከላሊበላ ተነስቶ ጥቂት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የደረሰ ሰው ግን ገና ከግቢው አፋፍ ላይ ሲቆም ቅርጿን ያውቀዋል። በላሊበላ ያለው የቤተ መድኃኔዓለም ቅርጽ ነው፣ አነስ ብሎ።

የዛጉዌን መንግሥት ያስወገደው ንጉሥ የዛጉዌን ሥነ ሕንፃ ወረሰ ማለት ነው። ይህ እንዲሆን ደግሞ አንድ ሰው፣ ምናልባትም ብዙ ሰዎች፣ ቤተ መድኃኔዓለም አጠገብ ቆመው ማየት ነበረባቸው። ተሳልመው ማለፍ ብቻ አይበቃም። ዐምዶቹ ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቁ፣ ጣሪያው ዐምዶቹን አልፎ የት ድረስ እንደሚወጣ፣ ብርሃኑ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ያዩትን በምን ይዘውት ሄዱ? ከዚያ ዘመን የተረፈ የላስታ ቤተ ክርስቲያን ንድፍ በብራና ላይ አይታወቅም። የተረፈው ንድፍ ራሷ ገነተ ማርያም ናት፤ በድንጋይ ላይ በመሮ የተነደፈች።

ዛሬ ሰው እርሳስና ደብተር ይዞ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ፊት ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ከፈረንጅ የመጣ፣ የቱሪስት ሥራ። በላስታ ነገሩን ያየ ግን እንዲህ ብሎ አያልፈውም። እዚህ አገር ሕንፃን በእጅ ደግሞ በመሥራት ማየት ከእርሳስ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። ከዚህ የሚነሳው ጥያቄም ሃይማኖታዊ ነው፤ ሰው አንድን ቅዱስ ቦታ አየሁ ሊል የሚችለው መቼ ነው? ዓይኑ ሲያርፍበት ነው ወይስ እጁ ሲታዘዝለት?

መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 ሙሴ ድንኳኑንና ንዋያቱን በተራራው ላይ በታየው ምሳሌ እንዲሠራ ይታዘዛል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 4 ጡብ ወስዶ ፊቱ እንዲያኖርና የኢየሩሳሌምን ከተማ እንዲስልበት ይነገረዋል፤ ከተማ በመንደፍ የሚጀምር ትንቢት ማለት ነው። በምዕራፍ 40 ደግሞ ገመድና የመለኪያ ዘንግ የያዘ ሰው መቅደሱን በር በበር እየለካ ያስጎበኘዋል። ጉብኝቱ ከመጀመሩ በፊት ነቢዩ ዓይኑንም ጆሮውንም ልቡንም ለሚታየው ነገር እንዲሰጥ ይታዘዛል። ከዚያ በኋላ ያለው የክንድና የስንዝር ቁጥር ነው፤ ብዙ አንባቢ ተሰላችቶ የሚዘለው ክፍል።

የቅዱስ ላሊበላ ገድልም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ገድሉ እንደሚተርከው እህቱ መርዝ አጠጥታው ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው ሲተኛ መላእክት ወደ ሰማይ ነጥቀውት በዚያ አብያተ ክርስቲያናቱን አሳዩት፤ ወደ ምድር ተመልሶም ያየውን እንዲሠራ ታዘዘ። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ የታሪክ ምሁራን እንደ ዐይን ምስክር አይቀበሉትም። የሐሳቡ አካሄድ ግን ልብ ይሏል። ሙሴም፣ ሕዝቅኤልም፣ ላሊበላም የታያቸው ነገር ለዓይን ደስታ የተሰጠ አልነበረም። ለእጅ የተሰጠ ትእዛዝ ነበር።

የአብነት ትምህርታችን በአብዛኛው የጆሮና የቃል ትምህርት መሆኑ እዚህ ላይ ሳይነሳ አይታለፍም። ዜማው፣ ቅኔው፣ ንባቡ በጆሮ ገብቶ በቃል ይያዛል። ዓይንና እጅ አብረው የሚሠለጥኑት ጥቂቶች ዘንድ ብቻ ነው፤ ቁም ጸሐፊው ዘንድ፣ ሐረግ የሚስለው ዘንድ፣ ሠዓሊው ዘንድ። ድንጋይ ጠራቢው ግን ከእነዚህ ሁሉ በላይ ዓይኑን ማመን ነበረበት። ሠዓሊ ቀለም ደርቦ ስሕተቱን ይሸፍናል፤ እርሳስ የያዘ ላጲስ አለው። ከአለት ላይ አንዴ የተነሳ ድንጋይ አይመለስም።

ይህ ጠራቢ ምን ያህል አስተውሎ ያይ እንደነበር ለመረዳት በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ግድግዳ ፊት መቆም ይበቃል። ግድግዳው ወጥ ድንጋይ ነው፤ ሆኖም ከላይ እስከ ታች ወጣ ገባ እያለ በአግድም ተሸንሽኗል። አንዱ ሽንሽን እንጨት የሚመስል፣ ቀጣዩ ግንብ የሚመስል። ለምን? መልሱ ያለው ከላሊበላ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ ባለችው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። እሷ የተፈለፈለች አይደለችም፤ በእንጨትና በድንጋይ ረድፍ በረድፍ የተገነባች ናት። እንጨቱ እዚያ ሥራ አለው፣ ግንቡን አስሮ ይይዛል። በቤተ አማኑኤል ግን ምንም የሚያስረው ነገር የለም። ጠራቢው የሠራው የሕንፃ ምስል ነው፤ የእንጨትና የግንብ ሕንፃ ምን እንደሚመስል በወጥ ድንጋይ ላይ ነደፈው።

ልማዱ ከዚያም ይቀድማል። የአክሱም ሐውልቶች ላይ በርና መስኮት፣ ፎቅ የሚለዩ ሰረዞች፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የእንጨት ጫፎች ሁሉ ተቀርጸዋል፤ አንዳቸውም አይከፈቱም፣ አንዳቸውም አይሸከሙም። ወድቆ የተሰበረው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ገደማ ነበር። ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 ዳግም የቆመው 24 ሜትር ያህላል። እነዚህ ከአንድ ድንጋይ የወጡ የፎቅ ቤት ንድፎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገነተ ማርያም ቤተ መድኃኔዓለምን አየች፤ ቤተ አማኑኤል የይምርሐነ ክርስቶስን ዓይነት አሠራር አየ፤ ያም አሠራር አክሱምን ያስታውሳል። እያንዳንዱ ትውልድ የቀደመውን ሕንፃ ያየበት መንገድ እንደገና በመሥራት ነበር።

እርሳሱን ይዞ የመጣው የውጭ ሰው ነው።

በ1520 ከፖርቹጋል መልእክተኞች ጋር የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ላሊበላን ጎብኝቷል፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል። የሚያምነው እንደማያገኝ ስለ ፈራ ከዚህ በላይ ስለ ሕንፃዎቹ መጻፍ እንደ ታከተው ሳይደብቅ ተናግሯል። ቃል እዚያ ላይ ደከመ። በ1882 የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው አሺል ራፍሬ መጥቶ በዚያው ዓመት ስለ ወጥ ድንጋይ አብያተ ክርስቲያናቱ የጻፈውን ፓሪስ ላይ አሳተመ። ከሁሉም በላይ ረጅም ሰዓት ያየው ግን ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሊኖ ቢያንኪ ባሪቪዬራ ሳይሆን አይቀርም። በጣሊያን ወረራ ዘመን መጨረሻ ላይ በሞንቲ ዴላ ኮርቴ ከተመራው ቡድን ጋር መጥቶ የላሊበላንና የሌሎች የላስታ ቦታዎችን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነደፈ፣ ለካ። የቡድኑ መጽሐፍ በ1940 ሮም ላይ ወጣ። ከጦርነቱ በኋላ ንድፎቹን በትልልቅ የመዳብ ኅትመት ሠርቷቸዋል፤ በ1962 እና 1963 ደግሞ ልኬቶቹንና ንድፎቹን በጣሊያን የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አውጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። ይህ ሰው ላስታ ላይ ተቀምጦ እርሳሱን ሲስል ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳት ከተረሸኑ ገና ሁለት ዓመት ያህል ቢሆን ነው። መነኮሳቱን ያስረሸነው መንግሥት ነው ለእሱም መንገዱን የከፈተለት። በወራሪ ጥላ ሥር የገባ ዓይን ቅዱስ ቦታን ሊያይ ይችላል? የዋህ መልስ «ጥበብ ድንበር የላትም» የሚለው ነው፤ አያረካም። ሌላው ቀላል መልስ ንድፎቹን ከነሠዓሊው መጣል ነው፤ ይህም አያዋጣም፣ ምክንያቱም ከ1960ዎቹ ጥገና በፊት የነበረውን የሕንፃዎቹን ሁኔታ ለማወቅ ከሚያስፈልጉ መረጃዎች መካከል ናቸውና። ሚዛናዊ የሚሆነው ፍርድ ይህ ይመስላል፤ መስመሩ ታማኝ ነው፣ ጉዞው ግን ንጹሕ አይደለም። የአንዱ እውነት የሌላውን ዕዳ አይሰርዝም። ዓይን ትክክል ሊያይ ይችላል፣ የቆመበት መሬት ግን የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

እርሳስ ለዓይን ምን እንደሚያደርግ ግን ገና አልጠየቅንም። እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን በ1857 የመንደፍን መሠረታዊ ትምህርት መጽሐፍ አድርጎ ሲያወጣ፣ ለንደን ውስጥ ለሠራተኞች ማታ ማታ ንድፍ ያስተምር ነበር። ዓላማው ሠዓሊ ማፍራት ሳይሆን ዓይን መግለጥ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። ሐሳቡ በላሊበላ ሲፈተን ምን ይሆናል?

ቤተ ጊዮርጊስን እንውሰድ። ሕንፃው ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ፣ ጣሪያው ከመሬቱ ጋር እኩል። በሌላ ከተማ ነዳፊው ከሥር ይጀምራል፤ መሬቱን ያሰምራል፣ ግድግዳውን ያቆማል፣ መጨረሻ ላይ ክዳኑን ይደፋበታል። እዚህ አፋፉ ላይ የተቀመጠ ሰው በዚህ መንገድ ከጀመረ ንድፉ ይበላሽበታል፤ ምክንያቱም ቅርብና ግልጽ ሆኖ የሚታየው ጣሪያው ነው፣ መሠረቱ ሩቅና ጨለማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከላይ ይጀምራል። በመጀመሪያ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉትን የጣሪያውን መስቀሎች፣ ከዚያ የላይኞቹን መስኮቶች፣ ከዚያ የግድግዳውን ሽንሽን፣ በመጨረሻ ደረጃ ደረጃ ያለውን መሠረት። ሳያውቀው የሠራው የጠራቢዎቹን ቅደም ተከተል ነው። እነሱም ከጣሪያ ጀምረው ወደ መሠረት ወረዱ፤ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ይህን መጽሐፍ ይናገራል፣ አስጎብኚም ይናገራል። እጅ ሲያውቀው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቀጥሎ መስኮቶቹን ማጥቆር ይመጣል። ጀማሪ ነዳፊ መስኮት ማለት ጥቁር ቀዳዳ እንደሆነ ስለሚያውቅ ሁሉንም እኩል ያጠቁራቸዋል። ትኩር ብሎ ያየ ግን እርሳሱ ከታችኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የታችኞቹ መስኮቶች ጥቁር አይደሉም፤ የግድግዳው ቀለም ናቸው። ክፈፋቸውና የዝንጀሮ ራሳቸው ተቀርጿል እንጂ አልተከፈቱም፤ መስኮት የሚመስል ድንጋይ ናቸው። የላይኞቹ ብቻ ናቸው ብርሃን የሚያስገቡት። በቀን ስንት ሰው ስልኩን አንስቶ ይህን ግድግዳ ይዞ ይሄዳል፤ ስንቱ ይህን አይቷል?

ቤተ መድኃኔዓለም ላይ ደግሞ እርሳስ ሌላ ምስጢር ያወጣል። ሕንፃው 33 ሜትር በ23 ሜትር ገደማ ነው፤ ከውቅሮቹ ሁሉ ትልቁ። የውጭ ዐምዶቹን አንድ በአንድ የሚነድፍ ሰው ከአንዳንዶቹ ላይ መኖር የሌለበት ነገር ያገኛል፤ አግድም መጋጠሚያ። ወጥ ድንጋይ መጋጠሚያ የለውም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ብዙዎቹ የጥንት ዐምዶች ወድቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በተጠረበ ድንጋይ ተገንብተው ተተክተዋል። ማንም አልደበቀውም፤ ዓይን ግን «ወጥ ድንጋይ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ስለመጣ ሳያየው ያልፋል።

ይህን መሰሉ ማስተዋል ከእምነት ጋር ይጣላል የሚል ፍርሃት አለ። ትውፊቱ አብያተ ክርስቲያናቱን ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ሠሯቸው ይላል፤ ነዳፊው ደግሞ ግድግዳው ላይ የመሮ ምልክት ያያል። በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን ልክ እንደ አርኪዮሎጂ ቁፋሮ የአለቱን አጠራረብ ቅደም ተከተል በማንበብ፣ በአየር ላይ የተንጠለጠሉ በሮችንና ትርጉም ያጡ ቦዮችን በመከተል፣ ሥራው በአንድ ጊዜ እንዳልተሠራ አሳይቷል። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰንም በ2009 ባወጣው መጽሐፉ አንዳንዶቹ ከቅዱስ ላሊበላ ብዙ ዘመን ቀድመው የተጀመሩ፣ እንደ ገብርኤል ወሩፋኤል ያሉትም መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ላይሆኑ እንደሚችሉ አቅርቧል። ታዲያ ዓይን ትውፊቱን አፈረሰው? አይመስልም። ትውፊቱ ራሱ የሰውን እጅ አልካደም፤ ቀኑን ለሰው ሰጥቷል። የመሮውን ምልክት እየተከተለ የሚነድፍ ሰው የሚያየው የቀኑን ሥራ ነው፤ ሌሊቱ የእርሳስ ጉዳይ አይደለም።

የእርሳስ ጉዳይ ያልሆነ ሌላም ነገር አለ። ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ፣ ቅድስቱን አልፎ፣ መቅደሱ ፊት መጋረጃ ተዘርግቷል። ምእመኑም ነዳፊውም እዚያ ይቆማሉ። ሕንፃው የተሠራው ሁሉም እንዲታይ አይደለም፤ አንድ ክፍል እንዳይታይ ታስቦ ነው የተሠራው። ጥሩ ንድፍ ይህንን ያውቃል። መጋረጃውን ነድፎ ከኋላው ያለውን ባዶ መተው ስንፍና አይደለም፤ ያ ባዶ ቦታ የሕንፃው ትክክለኛ ቅርጽ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ለመገመት የሚሞክር እርሳስ ማየት ትቶ መፈልሰፍ ጀምሯል።

እግረ መንገድ አንድ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር። ከተማ የሚነድፍ ሰው የነገሮችን መጠን ለማነጻጸር እርሳሱን በተዘረጋ ክንዱ ይዞ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። የአውሮፓ የርቀት አሳሳል ከመነሻው የአንድ ዓይን ሥራ ነበር፤ ፍሎረንስ ላይ ብሩኔለስኪ ሥዕሉን በቀዳዳ በአንድ ዓይን ብቻ እንዲያዩት አድርጎ አሳየ፣ አልቤርቲ ደግሞ በ1435 ሕጉን ጻፈው። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን አንድ ዓይን ያለው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ይሁዳና አጋንንት በጎን፣ በአንድ ዓይን። ገነተ ማርያም ውስጥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እርሳስ የዘረጋ ሰው፣ ከግድግዳው ላይ ሁለት ዓይናቸውን ከፍተው የሚያዩት ቅዱሳን ፊት በየትኛው ወገን እንደሚቆም አስቦ ያውቅ ይሆን?

ቀልዱ ቁም ነገር አለው። በርቀት ሕግ የተሳለ ሥዕል ውስጥ የሚያየው ሰው ነው፤ ሁሉም መስመር ወደ እሱ ዓይን ይሮጣል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ የሚያየው ቅዱሱ ነው፤ የቆመው ሰው የሚታይ ነው። የትኛው ይበልጣል ብሎ መፍረድ አያስፈልግም። ግን በአንድ ዓይን የሚነድፈው ሰውና በሁለት ዓይን የሚያየው ቅዱስ አንድ ቤት ውስጥ እንደሚገናኙ ማወቅ ይጠቅማል።

ወደ ላሊበላ የሚሄድ ነዳፊ ዛሬ የሚገጥመው ፈተና ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ ይመስላል። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከዝናብ መከላከያ እንዲሆኑ የተተከሉ ግዙፍ መጠለያዎች ቤተ መድኃኔዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ሸፍነዋል። ለጊዜው ተብለው ነበር። ነዋሪው በክብደታቸውና በነፋስ ይሠጋል፤ በ2018 ሰልፍ ወጥቶበታል፤ በመጋቢት 2019 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው እርዳታ ቃል ገብተዋል። ፎቶ አንሺ የብረት ምሰሶዎቹን ለመደበቅ አንግል ይፈልጋል። እርሳስ የያዘ ሰው አንግል መፈለግ እንኳ አያስፈልገውም፤ ዝም ብሎ አለመንደፍ ይችላል። ምሰሶው ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል፣ ሕንፃውም የ13ኛው ክፍለ ዘመን ማለዳ ላይ የቆመ ይመስላል።

ይህ ውሸት ነው። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ለአፍ ብቻ አልተሰጠም። በ2007 ጋዜጠኛና ሠዓሊ ጋብርኤል ካምፓናሪዮ ሲያትል ላይ የጀመረው የከተማ ነዳፊዎች እንቅስቃሴም ከሚያከብራቸው መመሪያዎች መካከል ቦታው ላይ ሆኖ መንደፍና ላዩት ነገር ታማኝ መሆን ይገኙበታል። ከንድፉ ጥቂት መስመር ቀንሶ የቱሪስት ካርድ የሚያወጣ ሰው፣ መጠለያው ይነሳ ወይስ ይቆይ ለሚለው ክርክር ምንም አይጠቅምም። ምሰሶውን፣ ጥላውን፣ ከምሰሶው ሥር የተቀመጡትን መነኩሴ ነጠላ ጭምር የነደፈ ግን ማስረጃ ትቷል።

ማስረጃ መተው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያየነው ደግሞ በዋና ከተማው ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ አሮጌ ቤቶች በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ላሊበላም ላይ ቢሆን በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ብዙ ነዋሪዎች ቀደም ብለው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። የላስታ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ ደረጃቸው በውጭ የሚዞረው፣ የከተማው ሥነ ሕንፃ ናቸው፤ ውቅር ስላልሆኑ ብቻ ነው ማንም ተቀምጦ የማያያቸው። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒስ ዤራር ጋር በ2007 ያሳተሙት የአዲስ አበባ የ1886–1941 ሥነ ሕንፃ መጽሐፍ ዛሬ የሌሉ ቤቶችን ለሚፈልግ ሰው መግቢያ በር ሆኗል። 

የእርሳስ ዘመን አልፏል የሚል ሰው አይጠፋም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ላሊበላን በሌዘር ስካን አድርጓል፤ በልኬት ረገድ ማንም እርሳስ አይወዳደረውም፣ ለጥገና ባለሙያም ወሳኝ ነው። ሌዘር ግን ሁሉንም እኩል ያያል፤ የተዘጋውንና የተከፈተውን መስኮት ለይቶ ቆም አይልም። መገረም አይችልም። እውር የሆነውን መስኮት ለማወቅ መጀመሪያ የተከፈተ መስሎት መሳሳት የሚችል ዓይን ያስፈልጋል።

ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ጦርነት ላስታን ደጋግሞ ሲነካ ጎብኚ ቀረ፤ አስጎብኚው፣ ሆቴሉ፣ በቅሎ አከራዩ ሁሉ ተጎዳ። ዝናቡ ግን መሸርሸሩን አላቆመም። ገነተ ማርያምን የመሰሉ ከዋናው መንገድ ወጣ ያሉ ቦታዎች በሰላሙም ጊዜ የሚጎበኛቸው ጥቂት ነበር። በ1954 በስዊድን ድጋፍ ከተጀመረው የሕንፃ ትምህርት ቤት ጀምሮ አገሪቱ ብዙ አርክቴክቶችን አስመርቃለች፤ ከእነዚህ ስንቱ በላስታ ገጠር ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ግማሽ ቀን ተቀምጦ እንደሚያውቅ መጠየቅ ያስተዛዝባል።

ስለዚህ ለአንባቢ አንድ ልመና። መንገዱ ሲከፈትልዎ፣ ወይም የትም ባሉበት ከተማ፣ አንድ «2B» እርሳስና ወፍራም ደብተር ይያዙ። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስቀድመው አባቶችን ፈቃድ ይጠይቁ፣ ጫማዎን ያውልቁ፣ ቅዳሴ ካለ ደብተሩን ይዝጉ። መጠለያውንም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውንም፣ ስንጥቁንም አይዝለሉ። ንድፉ ባያምር ግድ የለም። ሲጨርሱ ግን ከታች በኩል ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆሙበትን ቦታ ይጻፉ፤ ያለዚያ ነገ ለሚመጣው ሰው፣ የትኛው ዐምድ መቼ ቆሞ እንደነበር ለሚፈልገው፣ ንድፉ አይረባውም።